ከኦቶሞቢል በኋላ የሚከተል ማደሪያ
ወደ ላስታ ደጋ ለሚጓዝ ቤተ ሰብ ቀላል ተሳቢ ቤት ስለ ማሰናዳት

ለመንገድ የሚሰናዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለ መነሻውና ስለ መድረሻው ነው። በመካከሉ ግን ሌሊት አለ። ያ ሌሊት በደጋ አገር የሚታደር በሆነ ጊዜ፣ ሕፃንና ሽማግሌ ይዞ ለሚጓዝ ቤተ ሰብ ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ የሚያሳስበው የማደሪያው ነገር ነው። ወጣት ሰው ጋቢውን ተከናንቦ በኦቶሞቢሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢያድር ነገ ይረሳዋል፤ የ70 ዓመት እናት ግን እንዲህ ያለውን ሌሊት በጉልበቷና በወገቧ ለብዙ ቀን ታስታውሰዋለች።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫ፣ በደብረ ዘቢጥ፣ በፍላቂትና በጋሸና አልፎ ወልድያ የሚደርሰው ታላቅ መንገድ በደርግ ዘመን በቻይናውያን መሐንዲሶች የተሠራ ስለ ሆነ፣ የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። ከምዕራብ ወደ ላሊበላ የሚሄድ መንገደኛ የመቄትን ደጋ በዚህ መንገድ አቋርጦ ጋሸና ከደረሰ በኋላ ወደ ሰሜን ታጥፎ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል። ፍላቂት በዚሁ ደጋ ላይ ያለች የመቄት ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ በመሆኑ፣ ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። የልደት በዓል የሚውለው ደግሞ በዚሁ ወራት ነው። በዚያ ሰሞን ላሊበላ በምእመናን ስለምትሞላ፣ ቀድሞ ያልተከራየ ሰው በድንኳን ወይም በደጅ ያድራል፤ ያልደረሰም በመንገድ ይመሽበታል።

እንግዲህ ብዙ ሰው ብርዱን ለመከላከል የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። ከሰል ያቀጣጥልና ፍሙ ሲቀላ፣ ጭሱም አለቀ ሲል፣ ምድጃውን ወደ ድንኳኑ ወይም ወደ ጠባቧ ክፍል አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። የሚያፍነውም በጭሱ ሳይሆን በፍሙ ነው፤ በደም ውስጥ የአየርን ስፍራ ይይዝና የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። በአገራችን በዚህ ምክንያት ስንት ቤተ ሰብ በአንድ ሌሊት እንደ ጠፋ ያልሰማ የለም። ስለዚህ ለመንገድ ማደሪያ የሚያስብ አባወራ ከሁሉ በፊት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ፣ ያለ እሳት እንዴት ሞቀን እናድራለን? የሚለው ነው። መልሱም ሙቀትን ከምድጃ ሳይሆን ከግድግዳ መፈለግ ነው። ይህን መልስ ከሚሰጡት ብልሃቶች አንዱን፣ ማለት ከፎም የሚሠራውንና ከኦቶሞቢል በኋላ የሚሳበውን ቀላል ማደሪያ፣ ዛሬ በዚህ ገጽ ለክቡራን አንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ማደሪያን ይዞ መጓዝ ለእኛ አዲስ አይደለም

ማደሪያን ይዞ መጓዝ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር የአገሩን ታሪክ ዘንግቷል። የኢትዮጵያ ነገሥታት ለብዙ ዘመን የኖሩት ከግንብ ይልቅ በድንኳን ነበር። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቈየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር በተነሣበት ሁሉ እንዴት ያለ ሥርዐት ተይዞ እንደሚተከል፣ የንጉሡ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የመኳንንቱ ድንኳን እያንዳንዱ በተወሰነለት ስፍራ እንደሚቆም ጽፏል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ለውጭ አገር ሰዎች ያስታወቀም እርሱ ነው። ደብተራ የሚለው የግዕዝ ቃል ራሱ ድንኳን ማለት መሆኑን የማያውቅ የቤተ ክህነት ሰው የለም።

በመንኰራኵር የሚሳበውም ነገር ቢሆን የዋድላና የደላንታ ደጋ ከብዙ አገር አስቀድሞ አይቶታል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ይዘው በ1860 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። መድፉ 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። በጨጨሆ በኩል ወጥተው፣ የዋድላንና የደላንታን ሜዳ አቋርጠው፣ የበሽሎን ገደል ለመሻገር ድንጋዩን እያስፈለጡ መንገድ ማሠራት ግድ ሆነባቸው። ሰው በእግሩ በጥቂት ቀን የሚሄደው አገር ስድስት ወር የፈጀባቸው በክብደቱ ምክንያት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ጽናት ሲደነቅ የሚኖር ነው፤ ለቤተ ሰብ መንገድ ግን የምንማረው ትምህርት አንድ ነው፤ ይኸውም በዚህ አገር ዳገትና ቁልቁለት ላይ የሚሳብ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ክብደቱ ሊታሰብ ይገባል ማለት ነው።

ይህም ዛሬ በኦቶሞቢል ዘመን የቀረ ነገር አይደለም። በ3,000 ሜትር ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሲነጻጸር ግፊቱ 70 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሚያጣ፣ በቆላ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በፍላቂት ደጋ እንደ 70 ሆኖ ይሠራል። ሞተሩ በደከመበት አገር ከባድ ተሳቢ ማስከተል ለኦቶሞቢሉም ለቤተ ሰቡም ድካም ነው።

ነገሩ ምንድር ነው?

በአሜሪካ አገር ኦቶሞቢል በየቤቱ መግባት ከጀመረ በኋላ፣ በፈረንጅ ቍጥር ከ1930 ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ ሰዎች በትንሽ ኦቶሞቢል የሚሳብ ዝቅተኛ ማደሪያ በየጓሯቸው መሥራት ጀመሩ። ቅርጹ ከፊት ድቡልቡል፣ ወደ ኋላ እየቀጠነ የሚሄድ ስለ ሆነ የእንባ ዘለላ የሚል ስም ወጣለት። በ1947 እ.ኤ.አ. ሜካኒክስ ኢለስትሬትድ የተባለው መጽሔት የአሠራሩን ንድፍ ባወጣ ጊዜ፣ ብዙ ሰዎች ይሠሩት ጀመር። ውስጡ ሁለት ሰው የሚያስተኛ አልጋ ብቻ ነው፤ ሰው ተቀምጦበት እንጂ ቆሞበት አይችልም። ወጥ ቤቱ በስተኋላ ነው፤ መክደኛው ወደ ላይ ሲነሣ ለወጥ ሠሪዋ እንደ ጥላ ይሆናታል።

የፊተኞቹ ከኮምፔንሳቶና ከላሜራ የተሠሩ ነበሩ። በቅርብ ዘመን ግን አንዳንድ ብልኆች ግድግዳውንና ጣሪያውን ከደረቅ ፎም ሠርተው፣ በሸራ አልብሰው፣ ቀለም ቀብተው ሲጠቀሙበት እጅግ ቀላልና ሞቃት ሆኖ ተገኘ። በአገራችን ይህ ልማድ ገና ብዙ አይታይም፤ ይሁን እንጂ የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ከበያጅ፣ ከዕንጨት ሠሪና ከቀለም መደብር የማይጠፋ ነው።

ስለ ፎም

ፎም ስንል ለፍራሽ የሚሆነውን ለስላሳውን ስፖንጅ ማለታችን አይደለም። ቴሌቪዥንና የበረዶ ሳጥን ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ ተደግፎ የሚመጣውን፣ ለቤት ግድግዳና ለጣሪያም የሚሆነውን ደረቁን ፎም ነው። እርሱም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ነጭ ሆኖ ሲሰበር ፍሬ ፍሬ እየሆነ የሚበተን ነው። ሁለተኛው ተጠቅጥቆ የተሠራ፣ ገጹ ልሙጥ፣ ውሃም የማይመጥ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ይህ ሁለተኛው ነው።

ጥቅሙን ለማየት ሒሳቡን እንመልከት። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ50፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ የእንባ ዘለላ ቅርጽ ያለው ማደሪያ ቢሠራ፣ የሁለቱ ጎንና የጣሪያው ስፋት ባንድነት 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ስፋት በ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ለመሸፈን 72 ኪሎ ያህል ዕንጨት ያስፈልጋል። በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ፎም ቢሸፈን ግን ፎሙ 15 ኪሎ ያህል ነው፤ ሸራው፣ ኮላውና ቀለሙ ሲጨመርበትም ከ35 ኪሎ ብዙ አያልፍም። ግማሹ ክብደት በዚሁ ቀረ ማለት ነው።

ነገር ግን ፎም ጠላቶች አሉት። ቤንዚን፣ ቲነርና ማስቲሽ ሲነኩት እንደ ጨው ይሟሟል። ስለዚህ የሚጣበቀው ውሃ በማይፈራ ነጭ የዕንጨት ኮላ፣ የሚቀባውም በውሃ በሚበጠበጥ ቀለም ነው። ማናቸውንም አዲስ ኮላ ወይም ቀለም በሥራው ላይ ከማዋል በፊት በቍራጭ ላይ ቀብቶ እስከ ማግስቱ ማየት ይገባል። ፀሐይም ስታገኘው ይሻክራልና ሳይቀባ በደጅ አይተውም። ከሁሉ የሚብሰው ጠላቱ እሳት ነው፤ ስለዚህ ነገር ከታች እንመለስበታለን።

ማቀድ ከመሥራት ይቀድማል

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ፎም ከመቍረጥ በፊት በቤት ውስጥ የሚፈጸም ሥራ አለ። በሳሎኑ ወለል ላይ የማደሪያውን ርዝመትና ወርድ በጠመኔ አስምሮ፣ የሚተኙት ሰዎች ጋቢያቸውን ለብሰው በመሥመሩ ውስጥ ይተኙበት። ሁለት አዋቂና አንድ ትንሽ ልጅ በ1 ሜትር ከ50 ወርድ ላይ ቢጠባቸውም ያድሩበታል፤ አራተኛ ሰው ግን አይጨመርም። የቀሩት በጎን በሚተከል ድንኳን ወይም በአገሬው ቤት ያድራሉ። ማን በውስጥ ማን በውጭ እንደሚተኛ ከመነሣት በፊት ሊወሰን ይገባል፤ በመንገድ ላይ ደክሞ የሚደረግ ክርክር ደስታን ያጠፋል። ልማዳችንም ያዝዛል፤ አልጋው አስቀድሞ ለታላላቆችና ለሚያጠቡ እናቶች ነው።

ቀጥሎ የጎኑን ቅርጽ በካርቶን ላይ በእውነተኛው ልክ መንደፍ ነው። የቤቱ እመቤት በዚህ ጊዜ መጠራት አለባት፤ ምክንያቱም የወጥ ቤቱ ከፍታ የሚለካው በእርስዋ ክንድ ነው። ጀበናው የት ይቆማል? አገልግሉ የት ይገባል? የውሃው ጀሪካን ከየት ይቀዳል? እነዚህን የመሰሉ ነገሮች በካርቶኑ ላይ ሲታዩ ለማረም ቀላል ናቸው፤ ከተሠራ በኋላ ግን በመጋዝ ነው የሚታረሙት።

ከዚህም በኋላ የክብደት መዝገብ ይጻፋል። ወረቀቱን በሁለት ከፍሎ፣ በአንዱ ወገን የማደሪያውን ክፍሎች፣ በሁለተኛው የሚጫነውን ዕቃ ከነኪሎው ማስፈር ነው። ባዶው ተሳቢ ከ200 እስከ 250 ኪሎ፣ ከነጭነቱ ከ350 ኪሎ እንዳይበልጥ ቢወሰን መልካም ነው። ውሃ አንዱ ሊትር 1 ኪሎ መሆኑን የሚዘነጋ ብዙ ነው፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብቻውን 40 ኪሎ ነው። ኦቶሞቢሉ ስንት ኪሎ ለመሳብ እንደ ተፈቀደለትም ከፋብሪካው በወጣው መጽሐፍ ተመልክቶ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ስለ አካሉና ስለ እግሩ

ፎም ቀላል ነው እንጂ ተሸካሚ አይደለም። ሸክሙን የሚችለው ከሥሩ ያለው የብረት አልጋ ነው። እርሱም ከቱቦላሬ ተበይዶ፣ በባሌስትራ ላይ ተቀምጦ፣ በሁለት ጎማ የሚሄድ ይሆናል። ይህ ሥራ ለሠለጠነ በያጅ የሚተው እንጂ የሚሞከር አይደለም። የጎማው ልክ ከኦቶሞቢሉ ጎማ ጋራ አንድ ቢሆን ለሁለቱም አንድ መለዋወጫ ይበቃል፤ ከከተማ በራቀ ስፍራ ይህ ታላቅ ነገር ነው።

በመሳብ ሥራ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ሕግ አለ። ከጠቅላላው ክብደት ከአንድ አሥረኛ ያላነሰ፣ ከ15 ከመቶም ያልበለጠ፣ በኦቶሞቢሉ መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት። ጠቅላላው 350 ኪሎ ቢሆን መንጠቆው የሚሸከመው ከ35 እስከ 52 ኪሎ ነው ማለት ነው። ዕቃው ሁሉ ወደ ኋላ ተከምሮ መንጠቆው ከቀለለ፣ ተሳቢው በቁልቁለት ላይ እንደ ጅራት ይወዛወዝና ኦቶሞቢሉን ከመንገድ ያወጣዋል። ስለዚህ ወጥ ቤቱ በስተኋላ ቢሆንም ውሃውና ከባዱ ሣጥን ከጎማው ፊት ይጫናል። ከመንጠቆው ሌላ መጠባበቂያ ሰንሰለት፣ የፍሬን መብራትና ፍሬቻ ያስፈልጋሉ። ወደ መንገድ ከመውጣቱም በፊት በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስለ ምርመራውና ስለ ሰሌዳው መጠየቅ ይገባል።

የፎሙ አሠራር እንዲህ ነው። ሁለቱ ጎኖች በካርቶኑ ንድፍ ልክ ይቈረጣሉ። በር የሚንጠለጠልበት፣ መስኮት የሚገባበት፣ ብሎን የሚታሰርበት ስፍራ ሁሉ በፎሙ ውስጥ ቀጭን ሞራሌ ተቀብሮ ይጣበቃል፤ ፎም ሚስማርና ብሎን አይዝምና። ለጣሪያው የሚሆነው ፎም በውስጥ በኩል በስሱ እየተሸረከተ በጎኑ ቅርጽ ላይ ይጎብጣል፤ ሽርክቱም በኮላ ይሞላል። ሁሉም ከደረቀ በኋላ ገጹ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ በውሃ የቀጠነ ኮላ ተቀብቶ ሸራ ወይም የነተበ ንጹሕ አንሶላ ሳይሸበሸብ ይለጠፍበታል፤ በላዩ ደግሞ ኮላ ይደገማል። ይህ በውስጥም በውጭም ይደረጋል። ሸራው ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ፎሙ ለብቻው የሌለውን ጥንካሬም ይሰጠዋል። በመጨረሻ ሦስት ጊዜ ቀለም ሲቀባ ሥራው ያልቃል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

የመቄት ባላገር ይህን ጥያቄ ከመሐንዲስ በፊት መልሶታል። የደጋው ቤት ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ጥቅጥቅ ያለ ሣር ነው። በሣሩ መካከል የታሰረው አየር ብርዱን ከውጭ፣ ሙቀቱን ከውስጥ ይይዘዋል። ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ የመቄት ገበሬዎች በተስፋ የማኅበረ ሰብ ቱሪዝም ሥር በመቋት ማርያም፣ በዋጀላና በሌሎችም ስፍራዎች ለእግረኛ እንግዶች ማደሪያ ሲሠሩ የሠሩት በአገሩ ጎጆ መልክ ነው። ፎምም ሌላ ነገር አይደለም፤ በጥቃቅን ክፍል ውስጥ የታሰረ አየር ነው።

አንድ የተኛ ሰው ከሰውነቱ 70 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። ሁለት አዋቂና አንድ ልጅ ባንድነት 180 ዋት ያህል ይሆናል፤ ይህም ማንም ሳይነካው ሌሊቱን በሙሉ የሚነድ ትንሽ ምድጃ ማለት ነው። ይህ ሙቀት በስስ ድንኳን ወይም በላሜራ ውስጥ ሲሆን ወዲያው ያመልጣል፤ ውስጡ ከውጭው የሚሞቀው በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ብቻ ነው። በ5 ሳንቲ ሜትር ፎም በተከበበ ማደሪያ ግን፣ ለትንፋሽ የሚሆን አየር እየገባም እንኳ፣ ውጭው 0 ዲግሪ ቢሆን ውስጡ ከ10 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሊያድር እንደሚችል ሒሳቡ ያሳያል። በላዩ ጋቢና ባና ሲጨመር ሕፃንም ሽማግሌም ሞቆት ያድራል። ወለሉም እንደ ግድግዳው ከሥሩ ፎም ሊኖረው ይገባል፤ ከላይ ግን ጉልበት እንዲችል ኮምፔንሳቶ ይነጠፍበታል።

አሁን ግን ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር መጣ። እንዲህ በጥብቅ የተሠራ ማደሪያ አየር ካልተበጀለት ሣጥን ነው። ስለዚህ አንዱ በታች በስተእግር፣ ሁለተኛው በላይ በስተራስጌ፣ እያንዳንዱ 10 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በወንፊት የተጋረደና መክደኛ የሌለው የአየር መግቢያና መውጫ ይደረግለታል። መክደኛ የሌለው ያልንበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መክደኛ ካለው ብርድ በጸናበት ሌሊት ሰው ይዘጋዋል። ሰው በሌሊት በትንፋሹና በላቡ አንድ ኩባያ ያህል ውሃ ያወጣል፤ አየር ካልወጣ ይህ ሁሉ ወደ ግድግዳው ይሄድና ልብሱን ያረጥባል።

እሳት ውጭ ይደር

ፎም በቀላሉ ይነድዳል፤ ሲነድም ጥቁርና መርዘኛ ጭስ ያወጣል። ከመቶ ዲግሪ ባነሰ ሙቀት እንኳ መለስለስ ይጀምራል። ስለዚህ በማደሪያው ውስጥ ከሰል፣ ሻማ፣ ኩራዝ፣ ቡታ ጋዝ፣ ሲጋራም ቢሆን ፈጽሞ አይገባም። ይህ ሕግ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በጕልህ ፊደል ቢጻፍ አይበዛም። ለመብራት በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፋኖስ ይበቃል። በሩ ከሁለቱም ጎን ቢሆን፣ ሁለቱም ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈቱ ቢሆኑ፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ መውጫ አይታጣም።

የኋላው ወጥ ቤት ዕቃ ማስቀመጫና ማሰናጃ እንጂ ማብሰያ አይሁን። ምድጃው ወይም ቡታ ጋዙ ከማደሪያው ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ነፋሱ ነበልባሉን ወደ ማደሪያው በማይወስድበት በኩል፣ በመሬት ላይ ይቀመጣል። የፍላቂት አካባቢ ነፋስ ብርቱ ነው፤ ከዚያ በስተምዕራብ ያለችው ከተማ ንፋስ መውጫ መባልዋም ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ ለምድጃው ሦስት ጎን ያለው የላሜራ መከለያ መያዝ ይጠቅማል።

በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ጥራጥሬ በቶሎ አይበስልም። ብልኅ የቤት እመቤት ባቄላና ሽምብራ ለማብሰል ጋዝ አታባክንም፤ የመንገድ ስንቃችን ከጥንት ጀምሮ ለዚህ የታሰበ ነውና። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ጭኮ እሳት አይፈልጉም፤ የጾም ቀን ከሆነ ጭኮው በዘይት ይሰናዳል። ማታ ትኵስ ነገር ለሚሻ ሽሮ ፈጥኖ ይደርሳል። ከመኝታ በፊት የፈላ ውሃ በላስቲክ ከረጢት ወይም በጥብቅ በሚዘጋ ጠርሙስ ተሞልቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእግር ሥር ቢቀመጥ፣ ከምድጃ የተሻለ ሙቀት ይሰጣል፤ መርዝም የለውም።

በመንገድና በሰፈር

ረጅሙ ጕዞ ከመሆኑ በፊት አንድ ሌሊት በግቢ ውስጥ ማደር፣ አንድ ቀንም በቅርብ ወዳለ ዳገት ወጥቶ መመለስ ይገባል። የሚያፈስ ጣሪያና የላላ ብሎን በቤት ደጅ ቢገኝ ይሻላል። በመንገድ ላይ በቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ነው፤ ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ብቻ ከረገጠ ይግላል። ጠመዝማዛውን ሲዞር ተሳቢው ወደ ውስጥ እንደሚቈርጥ፣ ወደ ኋላ ሲኬድም መሪው በተቃራኒው እንደሚዞር ሾፌሩ አስቀድሞ ሊለማመድ ይገባል። ከመነሣት በፊት ስለ መንገዱና ስለ አገሩ ጸጥታ በቅርብ ካለው ሰው መጠየቅ፣ በቀን መጓዝና ፀሐይ ሳትጠልቅ መስፈር አስፈላጊ ነው።

ሲሰፈርም ስፍራው የሰው መሬት መሆኑ አይዘንጋ። ኦቶሞቢል ያለው ሰው በገበሬው ማሳ ዳር ሳይጠይቅ ቢሰፍር ነውር ነው። የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ብሎ የሚያሳድር ሕዝብ ባለበት አገር፣ ማደሪያዬን ይዤ መጥቻለሁ ብሎ ሰላምታን መንፈግ አይገባም። ባላገሩን ጠይቆ፣ ስፍራውን ተመርቶ፣ ቡና አፍልቶ መጥራት ነው። የላስታና የመቄት ሰው መንገዱንም ነፋሱንም ያውቃል፤ ውሃ የማይተኛበትን፣ ጠዋት ፀሐይ የሚቀድመውን ስፍራ የሚያሳየው እርሱ ነው። ተሳቢው ከቆመ በኋላ ከጎማው ፊትና ኋላ ታኮ ይደረጋል፤ ቀላል ስለ ሆነም ነፋስ እንዳይገፋው ድቡልቡሉ ፊቱ ወደ ነፋሱ ይዞራል። ሲነሡ ላስቲክና የፎም ቍራጭ በሜዳው ላይ መጣል ለከብቱ ጉዳት ነው፤ ማቃጠሉም ጭሱ መርዝ ነውና ተሰብስቦ ወደ ከተማ ይመለስ።

እንግዲህ የነገሩ ማጠቃለያ ይህ ነው። ይህን ማደሪያ ለመሥራት ትርፍ ጊዜና ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው ቢሠራው ይጠቀምበታል። ባይሠራውም እንኳ ከዚህ ምክር የሚወስደው ነገር አለ፤ በድንኳን የሚያድር ሰው ከሥሩ የፎም ንጣፍ ቢያነጥፍ፣ በኪራይ ክፍል የሚያድርም የአየር መግቢያውን ሳይደፍን ባናውን ቢደርብ፣ ሁለቱም ከሰሉን ከበር ውጭ ቢተዉት፣ ያው ጥበብ ነው። የቤተ ሰብ አለቃ በዓልን ሊያከብር ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚመለሰው የወሰዳቸውን ሁሉ ቍጥራቸው ሳይጐድል ይዞ ሲሆን ነው። የሚጠበቅበትም አስቀድሞ ማሰብና ከመነሣቱ በፊት ማሰናዳት ነው።